በብረቱ ማዶ ያለ መዳፍ

ኑ፣ ተጠጉ ልጆቼ። አንተም ያንን ስልክ ኪስህ ክተተውና ከእህትህ አጠገብ ተቀመጥ። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ የብረት ድልድይ ነው፤ ብስክሌት ስለምትጋልቡበት፣ ድሮ ባቡር ይሄድበት ስለነበረው። ነገሩ ግን የድልድይ ብቻ አይደለም፤ የሁለት ሰዎችም ነው። ሁለቱ ባይዋደዱ ድልድዩ አደጋ ላይ አይወድቅም ነበር። ባይዋደዱ ደግሞ አይተርፍም ነበር። እንዴት አትሉም? እሱን ነው የምነግራችሁ።

ፋብሪካው ከተዘጋና ባቡሩ ከቆመ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ድልድዩ ወንዙ ላይ ተጋድሞ ዝገት ይበላዋል። ወዲያ ማዶ መሻገር የፈለገ ሰው በታችኛው የመኪና መንገድ ዞሮ መሄድ አለበት፤ በብስክሌት አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። ታዲያ አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሐዲዱ ይነሳ፣ ጣውላ ይነጠፍ፣ እግረኛና ብስክሌተኛ ይሻገርበት አለ። ሰው ሁሉ ደስ አለው።

ከጣውላው በፊት ግን ብረቱ መመርመር ነበረበት። ድልድዩ በአራት ሺህ ሪቬት ነው የተያያዘው። ሪቬት ማለት ብረትን ከብረት ጋር የሚሰፋ፣ በወዲህም በወዲያም ክብ ራስ ያለው ወፍራም ችንካር ነው። ከአራቱ ሺህ ውስጥ የላላው ከአራት መቶ ካለፈ ድልድዩ ተቆራርጦ በኪሎ ይሸጣል። ካላለፈ የላላው በአዲስ ቡሎን ይተካና ሥራው ይቀጥላል። ውሳኔው ይኸው ነበር።

የሪቬት መላላት ደግሞ በዓይን አይታይም። ሁለት ሰው ይጠይቃል። አንዱ ከብረቱ ግድግዳ በውጭ በኩል ቆሞ በመዶሻ ይመታል። ሌላው በውስጥ በኩል መዳፉን የሪቬቱ ራስ ላይ ያሳርፋል። መዳፉ ሥር ጸጥ ካለ ጠንካራ ነው፤ ከተንቀጠቀጠ ላልቷል። ሁለቱ አይተያዩም። መዳፉን ያሳረፈው በመፍቻ ብረቱን ያንኳኳና ይመልሳል፤ አንድ ጊዜ ካንኳኳ ደህና፣ ሁለት ጊዜ ካንኳኳ የላላ ማለት ነው። ያኔ መቺው በቀይ ጠመኔ ይከብበዋል።

መቺዋ የፎርማኑ ልጅ ነበረች። አባቷ የዚህ ድልድይ ፎርማን ሆነው ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል፤ አሁን ዳሌያቸው እምቢ ብሏቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት። መዶሻውንም ጆሮውንም ለልጃቸው አውርሰዋታል። ሪቬት ስትመታ ድምፁን ሰምታ ብቻ መላላቱን ታውቃለች ይባልላት ነበር።

መዳፉ ደግሞ ከወዲያ ማዶ የመጣ የብስክሌት ጠጋኝ ነበር። የጎማ ሽቦ በጣቱ እየዳሰሰ የሚያቃና ልጅ ስለሆነ እጁን ብለው ለዚህ ሥራ ብቻ ቀጠሩት። ጠዋት ጠዋት በታችኛው መንገድ ዞሮ ስለሚመጣ ሠራተኞቹ «ዞሮ» አሉት፤ በዚያው ቀረ።

መጀመሪያ የተያዩት በአንዲት ሽንቁር ነው። ድልድዩ መሃል ላይ አንድ ሪቬት ከጊዜ ብዛት ወልቆ ወድቆ፣ አውራ ጣት የምታክል ቀዳዳ ቀርታ ነበር። ዞሮ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ሊያሳርፍ ሲፈልግ ከቀዳዳዋ ማዶ አንድ ዓይን አየ። አንድ ዓይን ብቻ። ዓይኑም አየው።

«ማነህ አንተ?» አለች ባለ ዓይኗ።

«መዳፉ ነኝ።»

«መዳፉ ስም የለውም?»

«ዞሮ ይሉኛል። ዞሬ ስለምመጣ።»

«እንግዲያው ዞሮ፣ እጅህን በደንብ አስጠጋ። እኔ ለጨዋታ አይደለም የምመታው።»

እውነትም ለጨዋታ አልነበረም። የመጀመሪያው ምቷ እስከ ክርኑ ዘለቀ።

ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ብረት መሃላቸው ገብቶ ይውላሉ። ትመታለች፤ ያንኳኳል። ትመታለች፤ ያንኳኳል። ሳምንት ሳይሞላ ከምቷ ብቻ ስሜቷን ማወቅ ጀመረ። ከተናደደች ቶሎ ቶሎ ትመታለች። ደስ ሲላት ከመምታቷ በፊት መዶሻዋን ብረቱ ላይ ትንሽ ታንከባልለዋለች። ምሳ ሰዓት ጎን ለጎን ይቀመጡና ዳቦ ይቆርሳሉ፤ እሷ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ትሰጠዋለች። ያኔ ሁለቱም ዓይኖቿ እያሉ እሱ አንዱን እንኳ ቀና ብሎ ማየት ያቅተዋል።

ከነሱ ጋር ብረቱን የሚያጸዱት ዝገት ፋቂዎችም አላለፏቸውም። «ዞሮ!» ይላሉ ከላይ፣ «ሪቬቱን ተውና ያንተን ልብ በመዶሻ እንይልህ፤ መላላቱ ከዚህ ይሰማል!»

«እናንተ ዝገታችሁን ፋቁ!» ትላለች እሷ። ጆሮዋ ግን ይቀላል።

አንድ ቀን ምርመራውን የሚመራው የማዘጋጃ ቤቱ ኢንጂነር በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ «ጎበዞች! በዚህ አያያዛችሁ በአሥር ቀን ትጨርሳላችሁ» አላቸው። ሊያመሰግናቸው ነው። ለዞሮ ግን ሞት እንደተፈረደበት ሆነበት። አሥር ቀን! ከዚያስ? ከዚያ ወዲያ ማዶ፣ ወደ ላስቲክ ዳሱ፣ ወደ ተበሳ ጎማ። ማን ብሎ አንድ ሰዓት ከሩብ ዞሮ ይመጣል? ምን ምክንያት አለኝ ብሎ?

ከሰዓት በኋላ እሷ መታች። መዳፉ ሥር ሪቬቱ እንደ ድንጋይ ጸጥ አለ። ዞሮ መፍቻውን አነሳና አንድ ጊዜ አንኳኳ። እጁ ትንሽ ቆመ። ሁለተኛ አንኳኳ።

የላላ ሪቬት ሥራው ብዙ ነዋ። ከአራቱም አቅጣጫ እንደገና ይመታል፤ ቁጥሩ ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ሥራ ሲያበቃም ሁለቱ ዕቃ ቤት ገብተው፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እሷ ታነባለች፣ እሱ ያስተያያል። የላላው ሲበዛ ወንበሩ ላይ የሚቆዩበት ጊዜም ይበዛል። እንግዲህ ልጁ ከዚያ ወንበር መነሳት አልፈለገም። ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ ከደብተሩ ቀና ብላ፣ «ይሄኛው እኮ ለጆሮዬ ደህና ነበር» አለችው።

«እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ።»

ይሄ እንኳ ውሸት አልነበረም። እጁ ከተንቀጠቀጠ ቆይቷል፤ ሪቬቱ አልነበረም እንጂ።

«ካልክ እሺ» አለችና መዘገበችው።

አሥሩ ቀን ሃያ ሁለት ሆነ። በሃያ ሦስተኛው ኢንጂነሩ ደብተሩን ደመረ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና ደመረ። አራት መቶ ሠላሳ አንድ።

«አዝናለሁ» አለ። «ድልድዩ አልቻለም። ነገ ጠዋት ይቆረጥ ብዬ እፈርማለሁ።»

ዝገት ፋቂዎቹ እንኳ ቀልዳቸው ጠፋ። የፎርማኑ ልጅ አላለቀሰችም። መዶሻዋን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለአባቷ ልትነግር ሄደች። ዞሮ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወንበሩን እንጂ አራት መቶውን አስቦት አያውቅም ነበር።

አባትየው ከሰዓት በኋላ ከልጃቸው ጋር በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። «ድልድዬን ልሰናበት ነው» አሉ። በቀይ ከተከበቡት ውስጥ አንዱ ላይ ቆሙና መዳፋቸውን ከውስጥ በኩል አሳረፉ።

«ልጄ፣ እስቲ ምቺው።»

መታች። መዳፋቸው ሥር ሪቬቱ ጸጥ አለ። ወደሚቀጥለው ሄዱ። «ይሄንንም።» መታች። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ከዞሮ ጋር ተያዩ። ልጁ ዓይኑን ሰበረ።

«አንተ ልጅ፣ የኔ እጅ አርጅቷል» አሉት ቀስ ብለው። «አርጅቷልና ማንም አይሰማውም። ያንተ ግን ወጣት ነው። ፊርማው ነገ ጠዋት ነው።» ይህንኑ ብለው ከዘራቸውን እያንኳኩ ወጡ። ለልጃቸውም አልነገሩ፤ ለኢንጂነሩም አልነገሩ።

ዞሮ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ደረሰባት። ጀንበር ልትጠልቅ ነበር።

«የላሉ ያልኩሽ ሁሉ የላሉ አይደሉም» አላት።

«ምን ማለት ነው?»

«አንዳንዱን እያወቅሁ ነው ሁለት ጊዜ ያንኳኳሁት።»

«እያወቅህ?»

«ቁጥሩ ሲያልቅ አንቺም የምታልቂብኝ መሰለኝ።»

ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ወንዙ ከታች ሲሄድ ይሰማል። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«ስንት ናቸው?»

«እንጃ። ሃምሳም ይሆናሉ፤ ስልሳም።»

«የትኞቹ?»

«አላስታውስም።»

«ጆሮዬ ደህና ነው ሲለኝ» አለች፣ ድምፅዋ እየቀጠነ፣ «ጆሮዬን ትቼ መዳፍህን አመንኩ። አባቴ ያስተማረኝን ትቼ!» ልትሄድ ተነሳችና ተመለሰች። «ደግሞ አንተ ጅል! ድልድዩ ቢያልቅ እኮ አራት ደቂቃ ነበር የምትርቀኝ። በእግር አራት ደቂቃ! በብስክሌትማ ምኑ ይቆጠራል!»

ያን ጊዜ ነው የገባው። ልጆቼ፣ ሰው ሲያፈቅር ሒሳብ ይጠፋዋል። ከሷ እንዳይለይ ብሎ፣ ወደሷ የሚወስደውን አንድ መንገድ ሊያስቆርጥ ነበር።

ጠዋት ኢንጂነሩ ብዕሩን ሳያነሳ ዞሮ ፊቱ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ኢንጂነሩ ደብተሩን ዘጋ።

«የላላውን ደህና ነው ብሎ የሚዋሽ ብዙ አይቻለሁ» አለው። «ደህናውን ላልቷል የሚል ግን ገና ዛሬ አየሁ። ከሥራ ተሰናብተሃል።»

«እሺ። ያለ ደሞዝ ግን እንደገና ልሥራው። እባክዎ።»

«በማን እምነት?»

በር ላይ ከዘራ ተሰማ። «የዋሸው መዳፉ ነው፤ ክንዱ አልዋሸም» አሉ አባትየው። «እሱ ይምታ፣ ልጄ ትዳስስ። እኔም አጠገባቸው እቆማለሁ።»

«ከነዳሌዎ እንዴት አድርገው ይቆማሉ?»

«እንግዲያው እቀመጣለሁ።»

ኢንጂነሩ ሳቁን አፉ ውስጥ አስቀረና አራት ቀን ሰጣቸው።

አራት መቶ ሠላሳ አንድ ሪቬት። አባትየው መሃል ላይ ወንበር አስመጥተው፣ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ተቀመጡ። ዞሮ ይመታል፤ እሷ ከብረቱ ማዶ ታንኳኳለች። ከዚያ ሌላ ቃል የለም። ምሳ ሰዓት ብርቱካኗን ብቻዋን ትበላለች። አንድ ጊዜ ባንኳኳች ቁጥር ልጁ ደስ ይለዋል፣ ወዲያው ያፍራል፤ ምክንያቱም እያንዳንዷ የሱ ውሸት ናት። በሁለተኛው ቀን ክንዱ አበጠ። በሦስተኛው መዶሻውን በግራ እጁ ያዘ። በአራተኛው ጠዋት ሲመጣ መዶሻው እጀታ ላይ ለስላሳ ጨርቅ ተጠምጥሞ አገኘ፤ የሷ መጠቅለያ ጨርቅ ነበር። 

የመጨረሻው ሪቬት ከሽንቁሯ ጎን ያለው ነበር። ዞሮ መታ። መልስ ጠበቀ። መፍቻው አልተሰማም። እንደገና ሊመታ ክንዱን ሲያነሳ ከቀዳዳዋ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«ዞሮ።»

ጎንበስ አለ። ዓይኗ እዚያው ነበረች።

«አቤት።»

«ይሄኛው ጠንካራ ነው።»

«ብታንኳኪ ይበቃ ነበር እኮ።»

«ባንኳኳ ጎንበስ አትልም ነበር።» ዓይኗ ይበልጥ ተጠጋች። «ሁለተኛ ትዋሸኛለህ?»

«አልዋሽሽም።»

«ብትፈራስ?»

«ብፈራ ፈራሁ እልሻለሁ።»

«አሁንስ ፈርተሃል?»

«በጣም።»

ዓይኗ ጠበብ አለች። አንድ ዓይን ሲስቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዞሮ ያን ቀን አየ። ጣቱን በቀዳዳዋ አሾለከ፤ ከማዶ በኩልም ጣት መጣችና ነካችው። ጫፏ በብረቱ ግለት ሞቃት፣ በዝገት ሻካራ ነበረች። 

«እናንተ ልጆች!» አሉ አባትየው ከወንበራቸው። «ሪቬቱን ንገሩኝና ልጻፈው! የቀረውን በኋላ ትጨርሳላችሁ፤ ይሄ ወንበር ፈጀኝ!»

ደመሩት። ከአራት መቶ ሠላሳ አንዱ ሃምሳ ሰባቱ ደህና ሆነው ተገኙ። የቀረው ሦስት መቶ ሰባ አራት ነው። ኢንጂነሩ ሦስት ጊዜ ደምሮ ሌላኛው ወረቀት ላይ ፈረመ። ዝገት ፋቂዎቹ ከላይ ሆነው ባልዲ በብሩሽ እየደበደቡ ጨፈሩ።

ሐዲዱ ተነሳ፣ ጣውላው ተነጠፈ፣ መደገፊያው ቆመ። ሽንቁሯን ማንም ክፍት አይተዋትም ብለው አባትየው አዘዙ፤ ድልድይ ለፍቅር ተብሎ ቀዳዳ አይተውበትም አሉ። ዞሮ ቡሎኑን ከወዲህ አስገባ፣ እሷ ከወዲያ አጠበቀችው።

በተከፈተ ቀን ሽማግሌው ሁለቱን ግራና ቀኝ አድርገው ተሻገሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባቡር ሳይመጣባቸው ለመውረድ ሲሮጡበት የኖሩትን ድልድይ ያን ቀን ሳይቸኩሉ ሄዱበት። ማዶ ሲደርሱ ቆመው ሰዓታቸውን አዩ።

«አራት ደቂቃ ነው ያልሽው?» አሉ ለልጃቸው። «በኔ ከዘራ አሥራ አንድ ሆነ።»

«ሲመለሱ እኛ እንሸከምዎታለን አባባ» አለ ዞሮ።

«ገና ሳትጋቡ አባባ አልከኝ? ይሁን፣ ይሁን።»

በዚያው ዓመት ተጋቡ። የብስክሌት ዳሱ ከወዲያ ማዶ ድልድዩ አፍ ላይ ተተከለ፤ ቤታቸው ከወዲህ ሆነ። ዞሮ ዛሬም ምሳውን እቤቱ በልቶ ይመለሳል። የሚፈራው ነገር ሲኖር፣ እንደ ቃሉ፣ ፈራሁ ይላታል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ነገ በዚያ ስታልፉ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። መሃል ስትደርሱ ከብስክሌታችሁ ውረዱ። በቀኝ በኩል፣ ከክብ ራሶቹ መሃል ለብቻው የቆመ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሎን አለ፤ ሽንቁሯ የነበረችበት ነው። መዳፋችሁን አሳርፉበትና ትንሽ ቁሙ። ጸጥ ይላል። ያንን ጸጥታ አስታውሱልኝ፤ እነሱንም አብራችሁ።