ጭድ የሌለው ምርጊት

ቄስ ኃይለ ሚካኤል ደጃፉ ላይ ቆሙ እንጂ ወደ ውስጥ አልገቡም። የማንጠግቦሽ ልጅ የብርጓል ተገንዛ መደቡ ላይ ተጋድማለች።

«ማንጠግቦሽ፣ ጤና ጣቢያው የነቀዝ ክኒን ውጣለች ብሏል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመቋሚያቸው ጫፍ ሳያነሱ። «ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ቀብሩን አልከለክልም፤ ጸሎቱን ግን አልችልም።»

«ልጄ ራሷን አላጠፋችም፣ አባ።»

«ይህን የሚል ሌላ ሰው ካለ አምጪልኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዚያ በላይ አስከሬኑም አይጠብቅም።»

ቄሱ ወደ አጥቢያው ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ ልጅቷን አያውቋትም። ማንጠግቦሽ አልፈረደችባቸውም። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች የሉማሜን አስፋልት ተሻግራ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ሌሊቱን ሙሉ አልቅሳ እንባዋ አልቋል። አንድ ነገር ብቻ አእምሮዋን ይበላዋል፤ የብርጓል ጸሎት ሳይደርስላት፣ ስሟ ሳይጠራ አፈር ልትገባ ነው።

ሳጅን አመተ ማርያም ወሬ ስትሰማ ዓይኗን የምትጨፍን ሴት ናት። ከተማው ተኝታ ትሰማለች እያለ ያማታል። ማንጠግቦሽ ተናግራ እስክትጨርስ አልገለጠችም።

«ለምን አልዋጠችም ይላሉ?»

«ትናንት ጠዋት የጎልማሶች ትምህርቴን ደብተር አረመችልኝ። አሥራ አንድ ስህተት አገኘችብኝ። ማታ ስመለስ ደግመሽ ጽፈሽ አሳዪኝ አለችኝ። ማታ የምትሞት ሰው እንዲህ ትላለች?»

«ይህ ለእናት ይበቃል፤ ለቄሱ አይበቃም። ሲያጥቧት እዚያው ነበሩ?»

«ነበርኩ። የቀኝ እጇ ጣቶች ሰማያዊ ሆነው ነበር። ሴቶቹ መርዙ ነው አሉ። በውሃ ስናሸው ለቀቀ።»

ሳጅኗ ዓይኗን ገለጠች። «መርዝ በውሃ አይለቅም። ይነሡ፣ እንሂድ።»

የብርጓል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን በሳምንት ሁለት ቀን ደመወዝ እየተከፈላቸው ሥራ እንዲለማመዱ ይልካቸዋል፤ አንድ መምህርም እየዞረ ይቆጣጠራቸዋል። የእርሷ ዕጣ አቶ አወቀ የተባሉ ነጋዴ የእህል መጋዘን ነበር። ልጅቷ መዝገብ ትይዛለች፤ መጋዘን መግባት አልተፈቀደላትም። ማንጠግቦሽ ፈቃዱ ላይ በጣቷ የፈረመችው ይህን ተነግሯት ነው።

ግቢው ሁለት መጋዘንና አንዲት ቢሮ አለው። የመጋዘን ጠባቂው እንዳላማው በሩ ላይ ተቀበላቸው። 

«ያገኘኋት እኔ ነኝ» አለ። «ትናንት ጠዋት ጎረቤት ሞቶ ቀብር ሄጄ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ ከቢሮው ጀርባ፣ ጥላው ሥር በጎኗ ተጋድማ አየኋት። አስመልሷታል፤ ምልክቱ ያው አፈሩ ላይ አለ። በእጇ የክኒኑን ዕቃ ይዛለች።»

ሳጅኗ አፈሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አተኩራ አየችው። «ዕቃው የት አለ?»

«ይኸው። ባዶ ነው።»

ተቀብላ አሸተተችው፣ በጣቷም ውስጡን ጠረገች። «ይህ ውጪው ላይ ያለው አመድ ከየት መጣ?»

«እንጃ። ሰኞ ክኒኑን ተጠቅሜ ስጨርስ ባዶውን ቆሻሻ ጉድጓድ ጥዬው ነበር። እዚያ አመድ እንደፋለን።»

«ሌላ ክኒን ግቢ ውስጥ አለ?»

«አንድም። ሰኞ ለሁለተኛው መጋዘን አዋልኩት፤ በሩንም መርጌ አሸግሁት። ሰባት ቀን አይከፈትም፤ ጭሱ ሰው ይገድላል። አንደኛው መጋዘን ባዶ ነው።»

«ቁልፉስ?»

«ቢሮው በር ጀርባ ይሰቀላል። ማንም ያገኘዋል።»

አቶ አወቀ ከቢሮው ወጡ። ወፍራም፣ ችኩል ሰው ናቸው። «ሳጅን፣ እኔ ትናንት ከማለዳ እስከ ማታ ቁይ ገበያ ነበርኩ። የሬሳ ሳጥኑንም የገዛሁት እኔ ነኝ። ምን ቀረብኝ?»

«ያ ነው የገረመኝ። ሳጥኑ ከሐኪሙ ቃል ቀድሞ ደረሰ አሉ።»

«ሰው ሲሞት ሳጥን ይገዛል። ሳልገዛ ብቀር ደግሞ ንፉግ ልትዪኝ ነበር።»

«እሱንማ እል ነበር» አለች ሳጅኗ።

ተቆጣጣሪው መምህር ምስጋናው ክላሰር በብብቱ ይዞ መጣ። ሱሪው የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ ወጣት ነው። ለማንጠግቦሽ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ።» ከዚያ ወደ ሳጅኗ ዞረ። «ዛሬ ከዞን ሰዎች ይመጡብኛል። የአሥራ ሁለት ተማሪ ሥራ ነው የማስረክበው፤ አንዷ እንዲህ ሆነች።»

«ትናንት አይተዋት ነበር?»

«አራት ሰዓት ላይ ብቅ ብዬ ነበር። ቢሮ ቁጭ ብላ መዝገብ ትገለብጣለች። ፊቷ ጥሩ አልነበረም። አምስት ደቂቃም አልቆየሁ።»

«ፊቷ ምን ሆኖ?»

«የከፋው ሰው ፊት ነዋ። የዘንድሮ ልጆች፣ ሳጅን፣ ምን እንደሚያስቡ አይታወቅም። ለእናትየዋ ባስረዳም ደስ ይለኛል፤ ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀት ብሰጣቸው አይጠቅምም።»

 ማንጠግቦሽ ከሰዎቹ ርቃ የታሸገው በር አጠገብ ቆማለች። ኑሮዋ ምርጊት ነው፤ የሰው ቤትና ጎተራ እየመረገች ነው ልጇን ያሳደገችው። እጇ ሳታዘው በሩ ስንጥቅ ላይ ያለውን ጭቃ ዳሰሰ።

«ምን አዩ?» አለች ሳጅኗ ከኋላዋ።

«ይህን እንዳላማው አልመረገውም።»

«እኔ ነኝ እንጂ» አለ ጠባቂው ሮጦ መጥቶ። «በገዛ እጄ፣ እቴ ማንጠግቦሽ።»

«ታዲያ ጭዱስ? እበቱስ?»

እንዳላማው ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ ተለወጠ። «ጭድ ጨምሬ ነበር። ይህ… ይህ ባዶ ጭቃ ነው።»

«ባዶ ጭቃ ነው» አለች ማንጠግቦሽ። «ገና አንድ ቀን ሳይሞላው ተሰነጣጥቋል። ሰኞ የተመረገ ቢሆን ዛሬ ረግፎ ታገኘው ነበር። የእጅ መዳፍም አይታይበትም። ይኸው መጨማደዱን እዩት፤ እጁን በፌስታል ጠቅልሎ ነው የለጠፈው። ምርጊት የሚያውቅ ሰው እጁን አይጸየፍም።» እግሯ ሥር ከሣሩ መሐል ጭድ የበዛበት ደረቅ ፍርፋሪ አነሳች። «የእንዳላማው ይኸውልሽ። ተገንጥሎ ተጥሏል።»

ሳጅኗ ፍርፋሪውን ተቀብላ ከበሩ ጭቃ ጋር አስተያየችው። ከዚያ በሩን አስከፈተችና ሰው ሁሉ ጭሱ በማይነፍስበት በኩል እንዲቆም አደረገች። አብሯቸው የመጣውን ፖሊስ በጆሮው አንሾካሹካ ወደ ትምህርት ቤቱ ላከች። ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቁ። ከመጋዘኑ የሚወጣው ሽታ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል፤ ያው የብርጓል ልብስ ላይ የነበረው። ሲነፍስበት ቆይቶ ሳጅኗ አፍንጫዋን በሻሽ አስራ ባትሪ ይዛ ገባች። ብዙም ሳትቆይ ወጣች።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ቄስ ኃይለ ሚካኤልን አስጠርታ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አቶ አወቀ ወንበር ላይ፣ ቄሱ ቆመው፣ እንዳላማው መሬት ላይ። መምህር ምስጋናው ሰዓቱን ያያል።

«ልጅቷ ክኒን አልዋጠችም» አለች ሳጅኗ። «ግቢው ውስጥ የሚዋጥ ክኒን አልነበረም። እጇ ላይ የተገኘው ዕቃ ሰኞ ጉድጓድ የተጣለው ባዶ ነው፤ አመዱ አልተራገፈም። ሰው አውጥቶ አስያዛት።»

«ሐኪሙ ግን ሸተተኝ ብሏል» አሉ አቶ አወቀ።

«የሸተተውስ ልክ ነው። ሽታው ከሆዷ ሳይሆን ከዚያ መጋዘን የመጣ ነው። ሁላችን በሩ ከሰኞ ጀምሮ እንደታሸገ ነው ብለን ልብ አላልነውም። እትዬ ማንጠግቦሽ ባያዩት እኔም አልፌው ነበር። በሩ ትናንት ተከፍቷል፤ ትናንትም ተመርጓል። ውስጥ ገብቼ ጆንያዎቹን አየሁ። ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሮ እያንዳንዱ ላይ የቆጠራ ጭረት አለ፤ ሰባተኛው ረድፍ መሐል ላይ ይቆማል። የመጨረሻው ጭረት እስከ ታች ተጎትቷል። እንዳላማው፣ ጆንያ ስትቆጥር በምን ትጭራለህ?»

«በከሰል።»

«ይህ በሰማያዊ ጠመኔ ነው። የልጅቷ ጣትም ሰማያዊ ነበር። እዚህ ግቢ ጠመኔ ማን ይዞ ይመጣል?»

ሁሉም ወደ መምህሩ ዞሩ። ምስጋናው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጠመኔ ተማሪም ይይዛል፣ ሳጅን። ከክፍል አንስታ ይሆናላ።»

«ይሆናል። ለዚህ ነው ወደ ትምህርት ቤቱ ሰው የላክሁት።» ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «የክትትል ቅጽ ነው። ምክትል ርእሰ መምህሩ ትናንት ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ተቀብሎ ማኅተም መትቶ ሰዓቱን ጽፎበታል። ያነበበው የለም። መምህር፣ ያንብቡልን።»

ምስጋናው እጁን አልዘረጋም።

«ለእኔ ስጪኝ» አለች ማንጠግቦሽ።

ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘችው። ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ፣ እየቆመች፣ አንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እየጀመረች አነበበች። «ተማሪ የብርጓል… ዛሬ… በመጋዘን ቁጥር ሁለት ውስጥ… የበቆሎ ጆንያ… ቆጠራ አከናውናለች። ሥራው… በተቆጣጣሪ መምህር… ክትትል… ተፈጽሟል።» ከሥሩ ያለውን ስም ጮክ ብላ አነበበችው። የምስጋናው ነበር።

«ስድስት ሰዓት ላይ የብርጓል መሞቷን ማንም አያውቅም ነበር» አለች ሳጅኗ። «ቢሮ ብቻ ነው ያየኋት ያሉት መምህር ግን ታሽጎ ነበር የተባለው መጋዘን ውስጥ እንደገባች ጽፈዋል። ሥራ ሳያልቅ ቅጽ መሙላት ልማድዎ ነው፣ መምህር፤ ሻይ ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። የዞን ሰዎች ዛሬ ስለሚመጡ የእርሷ ቆጠራ መጉደል አልነበረበትም። ሰባቱ ቀን እስኪሞላ አልጠበቁም። ምርጊቱን ገንጥለው ከፈቱላት፣ ጠመኔ ሰጧት፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ቅጹን ሞልተው ላኩ። ሲመለሱ ወድቃ አገኟት። ቅጹ ግን ፋይል ገብቷል፤ ሊመልሱት አልቻሉም።»

ምስጋናው ክላሰሩን መሬት ላይ አስቀመጠ። «በአፍና አፍንጫሽ ላይ ነጠላ አድርጊ ብያት ነበር» አለ። «አራት ቀን አልፎታል፣ ጭሱ ወጥቷል ብዬ ነው። እምቢ አላለችም። ነጥቡን ብቻ ስጡኝ ነው ያለችኝ፤ ለዩኒቨርሲቲ ያስፈልገኛል አለች።»

«እሺ። አንድ ነገር ቀረኝ» አለች ሳጅኗ። ድምፅዋ ዝቅ አለ። ወደ ማንጠግቦሽ አየችና አመነታች። «ትውከቱ የተገኘው ከቢሮው ጀርባ ነው፤ መጋዘን ውስጥ የለም። የሞተ ሰው አያስመልሰውም። ጎትተው ሲያወጧት በሕይወት ነበረች።»

መምህሩ ጎንበስ ብሎ ክላሰሩን አነሳ።

«ጤና ጣቢያው አስፋልቱን ተሻግሮ ነው። ጭቃ ለማቡካት ስንት ደቂቃ ፈጀብዎ?»

«ፈራሁ» አለ ምስጋናው። «ሦስት ታናናሾቼን በደመወዜ አስተምራለሁ። ፈራሁ።»

ማንጠግቦሽ ወረቀቱን እንደያዘች ነው። ወደ መምህሩ ሁለት እርምጃ ሄደች። «ምን አለች?»

«ምንም… ምንም አላለችም፣ እትዬ።»

«ስትመርግ ድምፅዋ ይሰማህ ነበር?»

ምስጋናው መሬት መሬቱን አየ። ፖሊሱ ክንዱን ያዘው። አቶ አወቀ ከወንበራቸው ተነሥተው በሩ አሁን ክፍት ሆኖ ይደር ወይስ ይዘጋ ብለው እንዳላማውን በሹክሹክታ ጠየቁት። ከግቢው ውጪ የዞኑ መኪና ወደ ትምህርት ቤቱ አለፈ። ሌሎቹ አሥራ አንድ ልጆች በየተመደቡበት ነበሩ፤ ማንም ወደ ቤት ሂዱ አላላቸውም።

ሳጅን አመተ ማርያም ወረቀቱን ከማንጠግቦሽ እጅ ቀስ ብላ ወሰደችው። «ለፍርድ ቤት ያስፈልጋል» አለች። «ብዙ አይፈረድበትም። እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

«አልጠየቅሁሽም፣ ልጄ።»

ቄስ ኃይለ ሚካኤል ቀረቡ። ዕድሜ የጨመሩ ይመስላሉ። «ፍትሐቱ ይደረግላታል» አሉ። «ሰዓት አለን።»

ማንጠግቦሽ ጭንቅላቷን በእሺታ ነቀነቀች። ከጠዋት ጀምሮ የለመነችው ይህን ነበር። ከሰማችው ሁሉ በኋላ ሲሰጣት ከእርሱ በቀር እጇ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም።

«የክርስትና ስሟን ንገሪኝ» አሉ ቄሱ።

«ወለተ ኢየሱስ» አለች። ቄሱ የሰሙ ስላልመሰላት ደግማ ነገረቻቸው።