ስለ ቀሚስ ማን ነገረሽ?

መሪጌታ ገሠሠ በክፍሉ በር ሲገቡ ከረህማ እጅ እስክሪብቶው ወደቀ።

«እንዴ፣ አያቴ!» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ሐመልማል።

የአማርኛ መምህሩ ያርጋል ለሽማግሌው ወንበር አቀረቡ። «ስለ ቃላት ጉዞ ከጻፋችሁት ሁሉ የረህማ በልጧል። ምንጯ መሪጌታ ናቸው። እስቲ ከራሳቸው አንደበት እንስማ!»

ረህማ አንገቷን ደፋች።

ነገሩን የነገራት ግን አባቷ ሙሰዓብ ነበር፤ ደባርቅ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ተራራ ልትወጣ የመጣች አንዲት ፈረንሳዊት የተቀደደ ልብሷን አምጥታ «ሸሚዝ» ስትል ሰማ። ገርሞት በአስጎብኚዋ በኩል ጠየቃት። ሸሚዝም ቀሚስም ከአንድ የድሮ የሮማውያን ቃል የወጡ ናቸው አለችው፤ ሸሚዝ በፈረንሳይኛ፣ ቀሚስ በዓረብኛ በኩል።

«ዘመዳሞች ናቸው» አላት አባቷ ማታ፣ ክር በጥርሱ እየበጠሰ። «አንዱ ከዓረብ ነጋዴ ጋር መጣ፣ ሌላው ከፈረንጅ ጋር። እኔ ሱቅ ተገናኙ።»

«ልብስ ሰፊ ነገረኝ ብለሽ ከጻፍሽማ ሙድ ይይዙብሻል» አለቻት ሐመልማል በማግሥቱ። «የአያቴን ስም ጻፊ። ማን ይጠይቅሻል?»

ጻፈች።

አሁን መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ያነባሉ። ጣታቸው ከመስመር መስመር ቀስ እያለ ወርዶ ስማቸው ላይ ቆመ።

«ይህን እኔ ነኝ የነገርኩሽ፣ ልጄ?»

ረህማ ወደ ሐመልማል ዞረች። ሐመልማል በክርኗ ጎሽማ አንሾካሾከችላት። «ረስተውት ነው በይ! ያምኑሻል!»

«መቼም እርጅና…» አሉ መሪጌታ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ባለፈው ሳምንትም ቁልፌን በእጄ ይዤ ስፈልገው ዋልኩ። ነግሬሽ ይሆናላ።»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ቁልፋቸው መኖሩን ለማረጋገጥ ኪሳቸውን ዳበሱ። ክፍሉ ውስጥ የፈራችው እሷ ብቻ እንዳልሆነች ረህማ ያኔ ገባት።

ዜሮ ማግኘቱ፣ የልጆቹ ሳቅ፣ «ወላጅ አምጪ» መባሉ፣ ሁሉም ባንዴ መጣባት። የሐመልማል እጅ ልብሷን ጨምድዶ ወደ ታች ይጎትታታል።

ተነሣች።

«የለም፣ መሪጌታ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም በግድ ይሰማታል። «እርስዎ ምንም አልረሱም።»

ወደ ፊት ወጣች። ከመምህር ያርጋል እስክሪብቶ ለምና የመሪጌታን ስም ሰረዘችና ከሥሩ፣ ፊደሉ እየተንጋደደባት፣ «ሙሰዓብ፣ ልብስ ሰፊ» ብላ ጻፈች።