የድንጋይ እንቁላል

እባቧ ጭንቅላቷን በቤቱ ግድግዳ ሥር ያለው ቀዳዳዋ ውስጥ አስገብታለች፤ የቀረው አካሏ ግን አልገባ ብሏታል። ልጅቱ የዶሮ እህል የሞላውን ጣሳ እንደያዘች በቁሟ ደረቀች። ከእባቧ ወገብ ላይ አንድ ድቡልቡል ነገር አብጦ ይታያል። በገፋች ቁጥር ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ይመልሳታል።

ጣሳውን ወርውራ ወደ ዶሮ ቤቱ ሮጠች። ዶሮዎቹ እንቁላል በሚጥሉበት ሣጥን ውስጥ እጇን ሰድዳ ጭዱን በረበረች። ድንጋዩ የለም።

«ጉዴ ፈላ» አለች።

ድንጋዩን ያመጣው አባቷ ነበር። የአውቶቡስ ሾፌር ስለነበር ከየመንገዱ የማያመጣው ኮተት አልነበረም። ይህን ግን ከወንዝ ዳር መርጦ ነው ያነሳው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ቁርጥ እንቁላል። ቁጥቋጦ ሥር እየዞረች የምትጥል ቄብ ሣጥኑ ውስጥ እንቁላል ያየች ሲመስላት እዚያው መጣል ትለምዳለች። ሲመሽ ግን ድንጋዩ የግድ መውጣት አለበት። «እኔ ያልኩሽ ዶሮዋን እንድታታልያት ነው፤ አከራያችንን አይደለም» ይላት ነበር።

አከራያችን የሚላት እባቧን ነው። የቤቱን መሠረት ሲቆፍሩ እዚያው ተኝታ ነበር ያገኟት። አባቷ እባብ የሚያውቅ ሰው ጠርቶ መርዝ እንደሌላት ካረጋገጠ በኋላ የጫጩቶቹን ቤት በጥቅጥቅ ሽቦ አጠረ። እንቁላሉንም ሳይመሽ መልቀም ጀመረ። እባቧም በእንጨት ክምሩ ሥር አይጥ እያሳደደች ኖረች። ለልጅቱ እናት ግን ይሄ ነገር አልዋጥላት አለ። «አንድ ቀን ይቺ አከራይህ ታስወጣናለች!» ትለው ነበር። ከቤቱ ቀድሞ የወጣው እሱ ሆነ። ጉበቴን አመመኝ ብሎ ሆስፒታል እንደገባ አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ እናቷ ጓሮ ወጥታ አታውቅም። ዶሮዎቹ የልጅቱ ሆኑ። አባቷ ችኩልነቷን አይቶ «ቶሎቶሎ» የሚል ስም ያወጣላት ልጅ፣ በዶሮዎቹ ነገር ብቻ ረጋ ብላ ትሠራ ነበር።

እስከ ትናንት ማታ። ትናንት ማታ ጓደኛዋ ደውላ የሒሳብ መምህራቸውን ድምፅ እያስመሰለች ስታወራ፣ ልጅቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ስልኩን ዘግታም ብቻዋን እየሳቀች ተኛች። ድንጋዩ ሣጥኑ ውስጥ አደረ።

«አንድ ማታ ብቻ እኮ ነው የረሳሁህ» አለች ለድንጋዩ፣ ጭዱን እንደያዘች።

ወደ እባቧ ስትመለስ ግድግዳው አጠገብ ጣውላ አየች። ቀዳዳው ላይ ደገፍ አድርጋው፣ እባቧን ከልላ ትምህርት ቤት ብትሄድ ማንም አያውቅም፤ ጓሮ የሚወጣ ሰው የለማ። ጣውላውን አነሳችው። እባቧ እንደገና ገፋች፤ እንደገና ተመለሰች። ልጅቱ አንጀቷ አልቻለም። ጣውላውን ጥላ ወደ ቤት ገባች።

እናቷ በልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች።

«አልረፈደብሽም?»

«እማዬ፣ አከራይዋ ድንጋዩን ዋጠችው። እኔ ነኝ የረሳሁት።»

እናቷ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች። ልጅቱ «እሰይ፣ ተገላገልን!» ትለኛለች ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን መኝታ ቤት ገብታ የትራስ ልብስ ይዛ ተመለሰች። የአባቷ ነው። ሳይታጠብ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው፣ እናቷ አንዳንዴ በሩን ዘግታ የምታሸተው።

«ይሄ? እማ፣ ይሄ እኮ...»

«አውቃለሁ። ሌላ ጨርቅ አጣሁ» አለች እናቷ፤ ዙሪያዋን እስከ ጣሪያ ጨርቅ ተከምሮ።

በመጥረጊያ እንጨት እየደገፈች እባቧን ወደ ትራስ ልብሱ ያስገባቻት እናቷ ራሷ ናት።

የእንስሳት ክሊኒክ ሲደርሱ ሐኪሙ መላጣውን እያሻሸ የትራስ ልብሱ ውስጥ አየ። «ላምም ውሻም ሳክም ነው የኖርኩት፤ እባብ ይዞ የመጣልኝ ግን የለም» አለ። ቢሆንም ጓንቱን አጠለቀ። አፏን በዘይት አለስልሶ ድንጋዩን ወደመጣበት ቀስ እያለ ይገፋ ጀመር። ልጅቱ የእባቧን ጭራ ይዛ ነበር። መጀመሪያ ጣቷ ላይ ጥምጥም ብሎባት ነበር፤ በኋላ ግን እየላላ መጣ። ድንጋዩ ሲወጣ ጨርሶ ተለቀቀ።

«ውስጧን ቀዶታል» አለ ሐኪሙ። «ማታውኑ ቢሆን...» ብሎ ጀመረና የልጅቱን ፊት ሲያይ ተወው። ድንጋዩን አጥቦ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

መንገድ ላይ ልጅቱ የትራስ ልብሱን ከነእባቧ እንደታቀፈች ቆመች።

«ስስቅ ነበር እማዬ። ማታ ስስቅ ነበር የረሳሁት። አባዬንም ረስቼው ነበር።»

«ሰምቼሻለሁ» አለች እናቷ።

«ምኑን?»

«ሳቅሽን ነዋ። ጆሮዬን በርሽ ላይ ለጥፌ እስክትተኚ ቆምኩ። ያ መከረኛ አባትሽም ቢኖር ገፍትሮኝ ይለጥፍ ነበር።» ይህን ብላ እናቷ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሁለቱም አላፊ አግዳሚው እያያቸው መንገድ ዳር አለቀሱ።

ከእንጨት ክምሩ አጠገብ ቀበሯት። የትራስ ልብሱን እናቷ መልሳ አልወሰደችም። አካፋውን አስቀምጣ ጓሮውን ቃኘች፤ ሽቦውን፣ ሣጥኑን፣ ባሏ ያቆመውን ቆጥ።

«ቀዳዳውን እንድፈነው?»

«ይቆይ» አለች ልጅቱ። «ሌላ ትመጣ ይሆናል።»

«እኔን ሳታስፈቅድ?» አለች እናቷ። ግን አልደፈነችውም።

ቄቧ አከራይ ሞተች ብላ ሐዘን አትቀመጥም። ልጅቱ ድንጋዩን ሣጥኑ ውስጥ መልሳ ስላስቀመጠችው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እዚያው ጣለች። ሲመሻሽ ልጅቱ በሩን ልትዘጋ ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። ጓደኛዋ ናት። አሁን ድንጋዩ እዚያው ቢያድር የሚውጠው የለም። ስልኩ ይጮኻል። ልጅቱ እጇን ጭዱ ውስጥ ሰደደች፤ እንቁላሉን ለቀመች፤ ድንጋዩንም አውጥታ ኪሷ ከተተችው። የዶሮ ቤቱን በር ቀርቅራ፣ መዘጋቱን ገፋ አድርጋ አየች።

ከዚያ በኋላ ነው ስልኩን ያነሳችው።

«ሄሎ» አለች። «አለሁ፣ አውሪኝ።»