ብየዳ የሌለበት ቱቦ

በያጁ ቱቦውን ሊገጥም የመጣ ዕለት ባትሪ ያዢልኝ አላት። ያዘችለት፤ ብርሃኑ ያረፈው ግን ፊቱ ላይ ነበር።

«ቱቦው ወዲህ ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለች፤ ባትሪውን ግን አላዞረችም።

እንዲህ ተጀመረ። እሷ እሱ የሚሠራበት ወርክሾፕ ባለቤት ልጅ ናት፤ ሥራዋም ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ቱቦዎች ጋዝ አለማሳለፋቸውን መፈተሽ ነው። ፍቅራቸው እያደር ጠና። በያጁ ልቡን አጠንክሮ አባቷን ሊጠይቅ በተዘጋጀበት ሳምንት ግን ጉድ ፈላ። እስከዚያ በአየር ብቻ ይፈትሹ ነበር፤ አዲስ ደንበኛ በሃይድሮጅን ይፈተሽልኝ አለ። እሱ የበየደው ቱቦ ምድጃ ውስጥ ሲግል፣ በውስጡ የታመቀው ሃይድሮጅን ወደ ውጭ መሹለኩን መለኪያው አሳበቀ። አፍርሶ እንደገና በየደው። አሁንም ሾለከ።

«ብየዳው የሚያፈስ ሰው ልጄን አያገባም» አሉ አባቷ። «ከነገ ጀምሮ ሌላ ሥራ ይፈልግ።»

በያጁ ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እውነታቸውን ነው» አላት አንገቱን ደፍቶ። «እጄ ከድቶኛል።»

ተናደደች። የወደደችው እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

«ቱቦው ሲቀዘቅዝ እኮ ማፍሰሱን ያቆማል! ቀዳዳ ቢኖረው ሲቀዘቅዝ ቀዳዳው የት ይሄዳል?»

በቀጥታ አባቷ ዘንድ ሄደች። «አባዬ፣ ከድፍን ብረት ቦርቡረህ አንድ ቱቦ ሥራልኝ። ብየዳ የሚባል ነገር አይንካው።»

«የእኔ እንኳ አያፈስም» እያሉ የብረት መቅረጫ ቶርኗቸውን አስነሡ። ታችኛው ጫፉ ድፍን የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ቱቦ አወጡ።

ሃይድሮጅን ሞልተው፣ ላዩን በክዳን ጠርቅመው፣ ድፍኑን ጫፍ ምድጃው ውስጥ አስገቡት። ቱቦው ሲቀላ የመለኪያው ቀስት ተነቃነቀ፤ ከዚያም ወጣ። አባትየው መነጽራቸውን ወልውለው ደግመው አዩ።

«ይኼ መለኪያ አብዷል!»

«አላበደም፣ አባዬ። ብረቱ ሲግል ሃይድሮጅን ወደ ነጠላ አተም ይከፋፈልና በብረቱ አተሞች መካከል እየተሽሎከለከ ያልፋል። ቀዳዳ አያስፈልገውም። የእሱን ብየዳም፣ ያንተን ድፍን ብረትም ያልፋል።»

በያጁ ጠረጴዛው አጠገብ እንደቆመ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ወደ አባቷ ዞረ።

«ጋሼ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ። ላገባት እፈልጋለሁ።»

አባትየው የገዛ ቱቧቸውን ትኩር ብለው አዩት።

«ቱቦው የሚያፈስ ሰው ልጄን አያገባም ብያለሁ።»

እሷ ልትናገር አፏን ስትከፍት እጃቸውን አነሡ።

«በዚህ ሕግ ከሄድን ግን» አሉ፣ «እኔም እናትሽን ለቤተሰቧ ልመልሳት ነው።»

ጓንቱን ከጠረጴዛው አንሥተው ለበያጁ ወረወሩለት። «በል፣ ነገ እንዳታረፍድ።»