ከጎማው በሁለት ጣት

ወይዘሮ አለምነሽ ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ ከደጃቸው መልሰዋል። ለሹፌር ልጅ አይሰጡም፤ አለቀ።

ሰው ጨካኝ አያት ብሏቸው ይሆናል። ግን የልጅ ልጃቸውን ማስተዋልን ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። አባቷ ገሰሰ፣ የወይዘሮ አለምነሽ አንድ ልጅ፣ ሰሊጥ ጭኖ ከሸሕዲ ወደ ጎንደር ሲወጣ መኪናው ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሞተ። ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ወርዶ ነበር፤ ከጎማው ሥር ለመወተፍ አልደረሰም። እንግዲህ አሁን ደግሞ ትግሉ የሚባል፣ የሰሊጥ ነጋዴው የሐጂ ሽኩር ሹፌር፣ ያችኑ ዳገት ሲወጣ ሲወርድ የሚውል፣ ማስተዋልን ስጡኝ ብሎ ሽማግሌ ላከ።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። ማስተዋል መምህርት ናት። የፈተና ወረቀት ታቅፋ ከሽንፋ ስትመለስ ሚኒባሱ ዋልካ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወርዳ ስትራመድ አንድ ጫማዋን ጭቃው ዋጠው። ትግሉ ፒካፑን አቁሞ እጁን እስከ ክርኑ ሰደደና አወጣላት። በዚህም አላበቃ፣ በመጠጥ ውሃው አጠበው።

«ታዲያ አንተ ምን ልትጠጣ ነው?» አለችው።

«ሸሕዲ ስንደርስ ታጠጪኛለሽ።»

ከዚያ ወዲህ ማስተዋል ያንን ጫማ ባጠለቀች ቁጥር ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። አያት ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አይታ አታልፍም።

በኅዳር የወይዘሮ አለምነሽ የጎንደር የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ደረሰ። ሰሊጥ አጨዳ አልቆ የቀን ሠራተኛው ሁሉ ወደ አገሩ ስለሚመለስ አውቶቡሱ ቦታ የለውም። ከሐጂ ሽኩር ፒካፕ ሌላ መንገድ አልነበረም። ወይዘሮ አለምነሽ እያጉረመረሙ ወጡ፤ ሲወጡ ግን የበራቸውን መደገፊያ ድንጋይ በነጠላቸው ጠቅልለው ያዙ።

መሪው ላይ የተቀመጠችው ማስተዋል ናት። ትግሉ ከጎኗ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ታደርጊያለሽ እዚያ?»

«እነዳለሁ፣ እማማ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ። እሑድ እሑድ ትግሉ ሲያስተምረኝ ነበር፤ ሐጂም ያውቃሉ።»

«ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቃላ።»

ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ ከቦታ ሁሉ እዚያው ገሰሰ የሞተበት ላይ፣ የከብት መንጋ መንገዱን ሞልቶት አገኙት። ማስተዋል አቆመች።

«መሪውን ለሱ ልቀቂለት፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አለምነሽ። ድንጋዩን ጭናቸው ላይ ጨበጡት።

«አይስጉ፣ እማማ። ይቺ መኪና ዳገት ላይ እግሬን ከፍሬኑ ሳነሳ ራሷ ትይዛለች። ሁለት እስኪቆጥሩ ድረስ ነው።»

«ከሁለት በኋላስ?»

«ከሁለት በኋላ እኔ አለሁ።»

«አባትሽም ‹እኔ እያለሁ አትፍሪ› ይለኝ ነበር።»

ከብቱ አለፈ። ማስተዋል ፍሪሲዮኑን ፈጥና ለቀቀችውና ሞተሩ ተንዘፍዝፎ ጠፋ። ወዲያው ፍሬኑን ረገጠች። የትግሉ እጅ ወደ እጅ ፍሬኑ ተዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ» አለችው በቀስታ።

ትግሉ ፊቷን አየ። ከዚያ እጁን ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ አኖረው። ወይዘሮ አለምነሽ ይህን አዩ፤ ግን ነፍሳቸው አልቻለችም። በሩን ከፍተው ወረዱና ድንጋዩን ከኋላ ጎማው አጠገብ አስቀመጡ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው አላስጠጉትም፤ በድንጋዩና በጎማው መካከል ሁለት ጣት ያህል ቀረ።

«እማማ፣ ከኋላዬ ይውጡልኝ» አለች ማስተዋል በመስኮቱ ብቅ ብላ።

ትግሉ ዘሎ ወረደ፤ ክንዳቸውን ይዞ ወደ መንገዱ ዳር አወጣቸው። አብሯቸውም ቆመ።

«መኪናው ላይ ማን ቀረ?»

«ማስተዋል።»

«ብቻዋን? አንተ ሰው፣ ሂድና ያዝላት እንጂ።»

«ትችላለች፣ እማማ።»

አያቸው። ፊቱ ላይ ላብ ነበር፤ እሱም እንደሳቸው ፈርቷል። ፈርቶም ግን እግሩን አላነሳም።

ሞተሩ ተነሣ። ወይዘሮ አለምነሽ ሳይታወቃቸው ቆጠሩ። «አንድ…» የሞተሩ ድምፅ ጎርነን አለ። «ሁለ…» ፒካፗ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ሽቅብ ወጣች።

ወይዘሮ አለምነሽ ወደ ድንጋዩ ሄደው ጎንበስ አሉ። የጎማው ዱካ አቧራው ላይ አለ። ጣታቸውን በዱካውና በድንጋዩ መካከል አስገቡ፤ አንድ፣ ሁለት። እንዳስቀመጡት ነው።

«አልተነካም» አሉ።

«አልተነካም፣ እማማ።»

ትግሉ ድንጋዩን ሊያነሣው ሲል ቀደሙት። መንገድ ላይ ድንጋይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ ገደሉ ወረወሩት።

ዳገቱ አናት ላይ ማስተዋል ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ትስቃለች። ትግሉ ፊቷ ቆሞ እጆቿን ያዘ። ወይዘሮ አለምነሽ ዞር ብለው ያለፈውን ከብት መቁጠር ጀመሩ።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ነጭ ጀለቢያ የለበሱት ሐጂ ሽኩር እንደ ወጉ ቆመው መናገር ሲጀምሩ፣ ወይዘሮ አለምነሽ አቋረጧቸው።

«ተቀመጡ።»

«ለሹፌር አልሰጥም ብለው ነበር እኮ» አሉ ሐጂ።

«አሁንም ቃሌ ቃል ነው። ለሹፌር አልሰጥም፤ ሹፌር ነው የምሰጣችሁ።»

በጥር ሙሽሪት ራሷ መሪውን ይዛ፣ ሙሽራው ከጎኗ፣ አያቷ ከኋላ፣ አጃቢው ጡሩምባውን እያንባረቀ ዳገቱን ተያያዙት። አጋማሹ ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ አለምነሽ የማስተዋልን ትከሻ ነካ አደረጉ።

«እዚህ ጋ አቁሚ።»

ማስተዋል አቆመች። ከኋላ ያለው ሁሉ ቆመ፤ ጡሩምባውም ጸጥ አለ። ወይዘሮ አለምነሽ ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ወደ ገደሉ አዩ።

«በይ አሁን ተነሺ፣ ልጄ። አባትሽ ይይሽ።»

ሁለት ሳይሉ ዳገቱን ይዘውት ነበር።