አርባ አንድ በመቶ

እየሩስ ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ እንደተኛች ነው የሞተችው። ከአጠገቧ ላፕቶፕና ስልኳ ተቀምጠዋል። የቆርቆሮው መስኮት ተዘግቷል፤ በሩም ተገጥሟል እንጂ አልተቆለፈም። እግሯ ሥር ባለው የከሰል ምድጃ ውስጥ የቀረው አመድ ብቻ ነው።

ዋና ሳጅን ስንዱ በዚህ ክረምት ደባርቅ ውስጥ የከሰል ጢስ የገደለው ሰው ስታይ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ጉልበቷን እያሸች ቆመች።

«ከሰሉን ማን ሰጣት?»

«እኔ ነኝ ልጄ፤» አሉ አከራይዋ ወይዘሮ በለጠች። «ስትሠራ አድራ እጇ ደንዝዞ ነበር። አቀጣጥዬ ሰጠኋትና በስድስት ሰዓት ለፍልሰታ ቅዳሴ ሄድኩ። በዘጠኝ ስመለስ እንዲህ ሆና አገኘኋት።»

የስንዱ አለቃ ነገሩን በስልክ ሰምቶ ወስኗል፦ ሴትዮዋ በቸልተኝነት ሰው ገድለዋልና ሳይመሽ ይታሰሩ።

«መስኮቱ ተዘግቶ ነው ከሰል የሰጧት?»

«እሷ መስኮት ትዘጋለች? ቆርቆሮው ከተገጠመ ኔትወርክ የለም። ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ ከመስኮቱ ብረት ላይ ታንጠለጥለዋለች። ‹ቋንጣ ሰቀልሽ እንዴ?› እላታለሁ። ‹እንጀራዬ እኮ ነው እማማ› ትለኛለች።»

እየሩስ እዚሁ ክፍል ተቀምጣ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት የግራፊክስ ዲዛይን ተለማማጅ ነበረች። በትርፍ ጊዜዋም ለከተማው ሰው ትሠራለች። ስንዱ ላፕቶፑን ነካ ስታደርገው ጽሑፍ ብቅ አለ፦ በመላክ ላይ፣ አርባ አንድ በመቶ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ግንኙነት ተቋርጧል።

ፖስተር ያሠራት የነበረው አስጎብኚው ቢራራ ተጠራ።

«ሳምንት ሙሉ ‹ነገ፣ ነገ› እያለች አጉላላችኝ፤» አለ። «ዛሬ ስድስት ተኩል ላይ መጥቼ ከውጭ ተጣራሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ስልኩም ተንጠልጥሏል። መልስ ሳጣ ናቀችኝ ብዬ ሄድኩ። እኔን ልትጠረጥሪ ነው?»

«ሥራዬ ነው።»

ሦስተኛው ሰው ምስክር የሚባል፣ እየሩስ የምትሠራበት ድርጅት ሌላ ተለማማጅ ነው፤ የሚኖረው ጎረቤት ከተማ ዳባት ነው። ዳባት ከጠዋት ጀምሮ ኔትወርክ ስላልነበረ ስንዱ በመኪና ሰው ልካ አስመጣችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ዛሬ ከዳባት ወጥተሃል?»

«አልወጣሁም ሳጅን። የመጨረሻ ሥራችንን እስከ ስምንት ሰዓት መላክ ነበረብን። ከቤቴ ሆኜ ላክሁ።»

«ስንት ሰው ነው የሚቀጠረው?»

«አንድ።»

ስንዱ ለድርጅቱ ኃላፊ ለሲሲ ደወለችላት። የምስክር ሥራ ሰባት ሰዓት ከዐሥር ላይ ደርሷል፤ የእየሩስ አልደረሰም።

«ሁለቱም ቢደርሱ ማን ይቀጠር ነበር?»

«እሷ ናት የምትቀጠረው።»

ስንዱ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸውና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሥራዋን እየላከች ያለች ሰው መስኮት አትዘጋም፤ ስልኳንም አታወርድም። ስለዚህ እንቅልፍ ጥሏት ሳለ ሌላ ሰው ገብቷል። ስድስት ተኩል ላይ ስልኩ ውጭ ነበር፤ ሰባት ከሩብ ላይ ግንኙነቱ ተቋርጧል። ያን ጊዜ እማማ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ቢራራ እንዳይላክ የሚፈልገው ነገር አልነበረውም። ምስክር ደግሞ ከዳባት ላክሁ ይላል። ዳባት ዛሬ ኔትወርክ የለም፤ እኔ ራሴ ልደውልልህ አልቻልኩም። የአንተ ሥራ በደረሰ በአምስት ደቂቃ የእሷ ቆመ። ከየት ሆነህ ነው የላክኸው?»

ምስክር መሬት መሬት አየ።

«ኔትወርክ ፍለጋ ነው የመጣሁት። በሷ ስልክ ኔትወርክ ላክሁ። ከዚያ የሷ እንዳይደርስ ብዬ…»

«ስልኩን ማውረድ ይበቃህ ነበር። መስኮቱን ለምን ዘጋኸው?»

«ዝናቡ ይጮሃል። እንዳትነቃብኝ።»

«ከሰሉን አላየኸውም?»

«ሞቄበታለሁ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ስንዱ ወደ ወይዘሮ በለጠች ዞረች።

«እርስዎ ነፃ ነዎት እማማ።»

«ያቀጣጠልኩት ግን እኔ ነኝ፤» አሉ።

ስንዱ የሴትዮዋን ጋቢ ትከሻቸው ላይ አስተካከለችና ደግፋ ወደ ቤት አስገባቻቸው።