ቀላሉ ድርሻ

የአዳዲስ ሙዚቃ ፌስቲቫሉ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው፤ በሕይወት የሌለ የሙዚቃ ደራሲ ሥራ አይቀርብበትም። «እዚህ ለመግባት ዋናው መስፈርት መተንፈስ ነው» ይሉ ነበር ጋሼ፣ በፌስቲቫሉ የሚጫወት የአንድ አራት ሰው ቡድን አንጋፋ ቼሎ ተጫዋች። ሕጉ ታዲያ የራሱ ጣጣ ነበረው። የሞተ ደራሲ ልምምድ ላይ አይመጣም። በሕይወት ያለው ግን ይመጣል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱን ተጫዋች ይጠይቃል።

ከቫዮሊን ተለቅ የምትለውን ቪዮላ የምትጫወተውን የቡድኑን ልጅ ያቃጠላትም ይኸው መጠየቁ ነበር።

ደራሲው አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚያዳምጥ፣ ረጅም ወጣት ነው። የተዋወቁት ባለፈው ዓመት፣ በአዳራሹ በረንዳ ዝናብ ተጠልለው ነበር። የቪዮላዋን ሳጥን በጃኬቱ ሸፈነላትና እሱ በስብሶ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እሷ በምትጫወትበት ሁሉ ከፊት ወንበር አይጠፋም። ሰላም ይላታል፣ ፈገግ ይላል፣ ይሄዳል። እሷም የልቧን በልቧ ይዛ ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ለቡድናቸው አዲስ ሥራ መጻፉን ስትሰማ ደስታዋን የምትደብቅበት ጠፋት።

ከዚያ ልምምድ ተጀመረ።

«ይሄ ቦታ ለእጅሽ ይከብዳል?»

የጠየቀው ቫዮሊን ተጫዋቿን ነው። በፍጥነቷ «መብረቅ» የሚሏት፣ ሳቋ ደረጃው ድረስ የሚሰማ ቆንጆ ልጅ ናት።

«አንተ ሰውዬ፣ ስድስት ጣት ያለኝ መሰለህ እንዴ?»

«ላቅልልልሽ?»

«ሞቼ ነው! ይልቅ ና እዚህ ጋ ቁምና እየው።»

ሄዶ ቆመ። ጎንበስ አለ። መብረቅ ከጆሮዋ ላይ የሰካችውን እርሳስ ሳያስፈቅድ መዘዘና ኖታዋ ላይ አንድ ነገር አረመ። ቪዮላ ተጫዋቿ አንገቷን ደፍታ የቪዮላዋን መምቻ ደጋን ሙጫ ቀባች፤ የተቀባውን መልሳ ቀባች።

ጋሼን ጠየቃቸው። ሁለተኛውን ቫዮሊን ተጫዋች ጠየቀው። እሷ ጋ ሲደርስ ግን፣ «ያንቺ ደህና ነው» ብሎ አለፈ።

በሚቀጥለው ልምምድም እንደዚያው። በሌላውም።

ቤቷ ገብታ ድርሻዋን ስትለማመድ ጣቶቿ ያለ ምንም ድካም ይሄዱበታል፤ ውሃ እንደ መጠጣት ነው። መጀመሪያ ገረማት፣ ቀጥሎ አሳፈራት፣ በመጨረሻ ቆሽቷ አረረ። ለመብረቅ ዳገቱን፣ ለእኔ ሜዳውን! አትችልም ብሎ ነው። የሚወዱትን ሰው ይፈትኑታል፣ የሚያዝኑለትን ግን ያሳልፉታል፤ እንዲህ ነበር የተረጎመችው።

«ልጄ፣ ፊትሽን ምን ነካው?» አሏት ጋሼ።

«ምንም።»

«ይሄ ምንም የሚሉት በሽታ ስንቱን ጨረሰ መሰለሽ!»

ዋናው ልምምድ ሊደረግ ሲል፣ አዳራሹ አጠገብ ባለው ካፌ መስኮት ደራሲውንና መብረቅን አየቻቸው። ክንዷ ላይ በጣቱ ምት እየመታ ያስጠናታል፤ እሷ ትስቃለች። ከዚያ ወዲያ ማየት አላስፈለጋትም። ለጋሼ ደወለችና አሞኛል አለች። ቦታዋን ሌላ ሰው እንዲይዝላት ወሰነች፤ ከሱ ሥራም፣ ከሱም ልትወጣ።

የመረጠችው ከሌላ ቡድን ቪዮላ የሚጫወት ቀልደኛ ጓደኛዋን ነው። በማግስቱ ትንሿ የልምምድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ኖታ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ።

«ቀላል ነው፤ እስከ ምሳ ትጨርሰዋለህ» አለችው ቪዮላዋን እያቀበለችው።

ጀመረ። ቆመ። እንደገና ጀመረና ግንባሩን ጠረገ።

«ቀላል ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ነው እኮ።»

«የምን ነው! ይሄ ሰውዬ ከትንሿ ጣት ጋር ተጣልቷል እንዴ? እንደ ለመድኩት እሷን ካሳረፍኩ የሚቀጥለው ላይ አልደርስም። በሦስት ጣት የሚጫወት ሰው ካልሆነ ይሄን ማን ይችለዋል?»

ግራ እጇን ገልብጣ አየች።

የግራ እጇ ትንሿ ጣት ልጅ ሆና በር ቀርጥፏት ነበር፤ አትታጠፍም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ያቺ ጣት የምታስፈልግበት ቦታ ሲመጣ ሌላ ጣት ታንሸራትታለች፣ ታልፈዋለች፣ ማንም አያይም። ለማየት ዓመት ሙሉ እጇን ብቻ ሲመለከት የኖረ ሰው መሆን አለበት።

በሩ ተከፈተ። ደራሲው ነው።

«አሟታል ብለውኝ...» አለና ሁለቱን፣ የተነካኩ ትከሻዎቻቸውን አየ። ፊቱ ጠቆረ። «ደህና ነሽ ማለት ነው። ይቅርታ።» ዞሮ ሄደ።

ሰው ጮክ ብላ ጠርታ የማታውቀው ልጅ መተላለፊያው እስኪያስተጋባ ጮኸች። «ቆይ!»

ጓደኛዋ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። «እኔ ውሃ ልጠጣ» ብሎ ሹልክ አለ።

«ሁሉንም ስትጠይቅ እኔን ለምንድን ነው ያልጠየቅኸኝ?»

ደራሲው ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። «ብጠይቅሽ ስለ ጣትሽ መናገር ሊኖርብሽ ነው። መናገር ብትፈልጊ ኖሮ ተናግረሽ ነበር ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ንቀህ ቀላሉን የሰጠኸኝ መስሎኝ ነበር።»

«ቀላሉን? ስንት ጊዜ ቀድጄ እንደጻፍኩት ብታውቂ! የሌሎቹ ሦስት ድርሻ ተደምሮ ያንቺን ያህል አላለፋኝም።»

 ቀጥሎ የተናገረችውን ራሷም አላመነችውም።

«ቀንቼ ነው።»

«በማን?»

«አንተ የመብረቅን እርሳስ ከጆሮዋ ላይ ስትመዝ...»

ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም። «እኔ ደግሞ አሁን በሩን ስከፍት፣ ያቺን ቪዮላ የዚያ ልጅ አናት ላይ ልሰብርበት ምንም አልቀረኝም።»

«ቪዮላዋ እኮ የኔ ናት።»

«አዎ፣ እሱ ነው ያተረፈው።»

በኮንሰርቱ ቀን ቦታዋ ላይ እሷ ነበረች። ሥራው ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እንደ ፌስቲቫሉ ልማድም ደራሲው መድረክ ላይ ተጠራ። መብረቅ ቀድማ ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ መልቀቅም ረሳች። ቪዮላ ተጫዋቿ ሁሉን አውቃም አላስቻላትም። ከወንበሯ ተነሳች፤ ጠጋ ብላ በጆሮው፣ ቀስ ብላ፣

«ይበቃታል» አለችው።

ደራሲው ሕዝብ ፊት ከት ብሎ ሳቀ። ከፊት የተቀመጡት በጭብጨባው የተደሰተ መሰላቸው።